ጆሮ አስነሺዎች

ጆሮው ያልተነሣ ኮርማ አይሸጥም። ቢሸጥም በርካሽ ነው። በሃሚልተን ከተማ ዙሪያ ከብት የሚያረባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አላጋጠመኝም። ኮርማ በጆሮው አይወልድ፣ በጆሮው ሥጋ አይሰጥ። ሆኖም የጨረታው ካታሎግ ላይ ጆሮውን ጥሎ የቆመ ኮርማ የተፈረደበት እስረኛ ይመስላል፣ እንዲህ ያለውን ደግሞ ማንም ለላሞቹ አይመኝም።

ስለዚህ በየዓመቱ ቅዝቃዜው ሊያበቃ ሲል ቴጋን ፐርሴል ካሜራዋን ፒክአፗ ላይ ጭና ከእርሻ እርሻ ትዞራለች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ኮርማው ይታጠባል፣ ይበጠራል። ጀርባው ቀጥ እንዲል የፊት እግሮቹን ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያቆሙታል። ከሥሩ ወፍራም ጭድ ይነጠፋል። ጭዱ ለኮርማው ምቾት የሚመስለው ካለ ተሸውዷል። ጭዱ እግር መደበቂያ ነው። የተንሻፈፈ ሰኮና፣ ወደ ውስጥ የገባ ጉልበት፣ ብቻ ፈጣሪ ተቻኩሎ የሠራው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቀበራል። በጭድ አነጣጠፍ ደግሞ ቴጋንን የሚያክላት በአገሩ አልነበረም።

ከዚያ የሚቀረው ጆሮ ነው። ጆሮ በልመናም በቁጣም አይነሣም፤ ኮርማው መገረም አለበት። የሚያስገርመው ሰው ከፎቶ አንሺዋ ጀርባ ይቆምና ይዘላል፣ ጃንጥላ ይከፍታል፣ እንደ ጥጃ ይጮኻል፣ የመኖ ከረጢት ያራግባል። ኮርማ በአንድ ዘዴ ደጋግሞ ስለማይገረም በየጊዜው አዲስ ጅልነት መፍጠር ግድ ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ ባለቤቱ ራሱ ነው። ባንክ ቤት ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ የሚነሣለት፣ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር የሚለቀቅለት ሰውዬ ጭቃ ላይ በአንድ እግሩ ይነጥራል። ታዲያ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ከካሜራው ጀርባ የሆነው እዚያው ይቀራል። መጠጥ ቤት ሲገናኙ ስለ ዝናብና ስለ እግር ኳስ ያወራሉ እንጂ «ዛሬ እንዴት አድርገህ ዘለልክ?» የሚል ባለጌ የለም። ደግሞስ ማን አየ? ሰው ሁሉ የሚያየው ኮርማውን ነው።

ቴጋን ሁለት ሥራ ነበራት፤ አንዱ የሚያበላት፣ ሁለተኛው የሚበላት። የሚያበላት ኮርማው፣ አውራ በጉ፣ የሚሸጥ ቤትና የዳቦ ቤቱ የሥጋ ፓይ ነው። ጠባብ መኝታ ቤት አዳራሽ ማስመሰል፣ የቀዘቀዘ ፓይ ትኩስ ማስመሰል ታውቅበታለች። የሚበላት ጉም ነበር። ሜልበርን ፎቶግራፍ ተምራ ስትመለስ የማለዳ ጉምና የሽቦ አጥር ታነሣ ጀመር። ጉምና አጥር፣ አጥርና ጉም። ከኮርማ ያገኘችውን ሁሉ ለፊልም፣ ለወረቀትና ለፍሬም ታፈሰዋለች። አንድ ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ኤግዚቢሽን አዘጋጅታ ከመጣው ሰው ግማሹ ዘመድ ሆነ፣ የቀረው መጸዳጃ ቤት ፈልጎ የገባ ነው። የተሸጠው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር። የገዛችው እናቷ ናት፤ እሷም ወስዳ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሰቀለችው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ» ትላት ነበር እናቷ። «አንዱን ምረጪ። ኮርማው እንኳ ቢያንስ ይታያል።»

ቴጋን ታኮርፋለች። አኩርፋም ጉሟን ልታነሣ ትወጣለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው፤ የሰማይዋ ላም ወተት ባትሰጥም በምድር ኮርማዎች ትቀለብ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በሜርቭ ግቢ ነው። ሜርቪን ስታንፎርድ ጥቁር አንገስ የሚባለውን የከብት ዝርያ የሚያረባ፣ በጭቃም በአቧራም ከረባት የማይለየው፣ ሲናገር ቃሉን እንደ ውድ ሚስማር አንድ በአንድ የሚያወጣ ሽማግሌ ነው። በዚያ አገር አንቱታ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የሚደርሰው ለሜርቭ ነበር። ቴጋን ከሜልበርን ባዶ ኪሷን ስትመለስ የመጀመሪያውን ሥራ የሰጣት እሱ ነው። ከዚያም በየጎረቤቱ እየዞረ «ይቺ ልጅ ታውቃለች» አለላት። ሜርቭ ሁለት ቃል ከተናገረ ሌላው አርቢ ሦስተኛ አይጠይቅም። ቴጋን የበላችው ሁሉ ከዚያች ዐረፍተ ነገር የበቀለ ነው ማለት ይቻላል።

ያን ቀን ኮርማው ጆሮውን አላነሣ አለ። ሜርቭ ጃንጥላውን ሞከረ፣ ከረጢቱን ሞከረ፣ እንደ ጥጃም ጮኸ፤ ኮርማው ዛፍ ያይ ነበር። ከዚያ ቴጋን ከጀርባዋ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማችና ዞር አለች። ሜርቭ የመኖ ባልዲውን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ በማንኪያ እየደበደበው፣ አንድ እግሩን አንሥቶ አየር ላይ ነበር። ከረባቱ በዝላዩ ወደ ኋላ በርሯል። አንገቷ ላይ ለጉሟ የምታንጠለጥላት አሮጌ ካሜራ ነበረች። እጇ ራሱ ሄዶ ቁልፏን ተጫነ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነባት። በየእርሻው፣ ኮርማው እስኪረጋጋ እየጠበቀች፣ ዞር ትልና ትጫናለች። ጃንጥላ ከፍቶ የሚዘል፣ ከባዶ ወንበር ጋር የሚደንስ፣ በአራት እግሩ የሚሄድ፣ የሚስቱን መጥረጊያ እንደ ጊታር የያዘ፣ ሁሉም ፊልሟ ውስጥ ገባ። ለማንም አላሳየችም። ማን ይሙት፣ ይህን ከጥበብ አልቆጠረችውም፤ ሲከፋት አይታ የምትስቅበት ነገር ነበር። ፍሪጇ ላይ ለጥፋቸው ወተት ልታወጣ ስትሄድ ታያቸዋለች።

ጆስሊን ወተት ፍለጋ ፍሪጁ ጋ የሄደችው በጋለሪዋ ለምታዘጋጀው የቴጋን የጉም ኤግዚቢሽን ፎቶ ልትመርጥ በመጣችበት ቀን ነው። ጆስሊን የድሮውን የሱፍ መጋዘን ጋለሪ አድርጋ የምታስተዳድር፣ ትልልቅ የጆሮ ጉትቻ የምታደርግ፣ ልቧ ውስጥ ያለው ሁሉ ምላሷ ላይ የሆነ ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ጉም ስታይ ውላ ዐይኗ ደክሟል።

«አንቺ ሴት፣ ይኼ ምንድን ነው?» ስትል ከማድ ቤት ጮኸች።

«እሱማ ቀልድ ነው፣ ተዪው። ሻይሽ ይቀዘቅዛል።»

«ሻዩን ተዪውና ነይ። ይኼ ባልዲ የደፋው ማነው?»

«ጆሮ አስነሺ ነው።»

ቴጋን አስረዳቻት። ጆስሊን ፍሪጁን ይዛ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። ስቃ ስትጨርስ ግን ዐይኗን ጠርጋ እንደገና አየቻቸው፤ አሁን አልሳቀችም።

«ስሚኝ፣ እነዚህ ሰዎች ማንም እንደማያያቸው እርግጠኞች ናቸው። እንዲህ ያለ ፊት በገንዘብ አይገኝም። ጉሙን ወደ ቤቱ መልሺው። እነዚህን ነው የምሰቅለው፤ ባልዲውን መሐል ላይ።»

ቴጋን ሌሊቱን አልተኛችም። ስንት ዓመት ጥበብ ጥበብ ስትል የኖረችው ጎህ ሳይቀድ አጥር ሥር እየተንበረከከች ነው፤ ጥበቧ ግን ለካ ከጀርባዋ ሲዘል ኖሯል። ደስም አላት፣ ተናደደችም። ከሁሉ በላይ ግን ፈራች፤ ሕጉን ታውቃለችና።

እንግዲህ ፈቃድ ልትጠይቅ ዞረች። ባለ ጃንጥላው ፎቶውን ራቅ አድርጎ አየና «ሚስቴ አንድ ያማረ ፎቶ የለህም ስትለኝ ኖራለች፤ ስቀይው» አላት። ባለ መጥረጊያው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቆየና የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የዚያን ቀን ጆሮው ተነሥቶ ነበር?»

«ተነሥቶ ነበር።»

«እንግዲያማ ስቀይው፣ ምን ይደረጋል።»

ሁሉም አጉረመረሙ፣ ሁሉም እሺ አሉ። የቀረው ሜርቭ ነበር። ቴጋን ፎቶውን ኮቷ ኪስ ውስጥ አድርጋ ሄደች። የሜርቭ ሚስት ኖሊን ኬክ ቆረሰችላት። ሜርቭ ደግሞ፣ ዘንድሮ የካታሎጉ ሽፋን ላይ ሊቀመንበርን እናወጣለን አለ። ሊቀመንበር ኮርማው ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያወራለት፣ ከብት ሳይሆን ሕንፃ የሚመስል። የቴጋን ስምም ከሥሩ በትልቁ እንዲጻፍ አዝዟል። ነገሩ አፏ ላይ ደረሰ፣ ተመለሰ። ኬኩን ውጣ ወጣች።

መንገድ ላይ ለራሷ ምክንያት ሠራችለት። ፊቱ የት አለና? ባልዲ ውስጥ ነው። ከረባቱም ወደ ጀርባ በርሮ አይታይም። ባልዲ የደፋ ሽማግሌ ማንም ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቀዋል? እምቢ ቢላት ባልዲው አይሰቀልም፣ ያለ ባልዲው ደግሞ ኤግዚቢሽኑ ጥርሱ የወለቀ ሰው ነው። ቢቀየማትስ? ሜርቭ ከተቀየመ ሌላው ይከተላል፣ ያኔ ኮርማም የለ ፊልምም የለ። ስለዚህ የማይታወቅን ሰው መጠየቅ ምን ያደርጋል? ሰው ራሱን ማሞኘት ሲፈልግ ጠበቃ አያጣም።

የመክፈቻው ቀን የሱፍ መጋዘኑ እስከ በሩ ሞላ። ጭቃ የለመደ ቦት ጫማ ሁሉ ተወልውሎ መጥቶ ነበር። አርቢዎቹ መጀመሪያ ራሳቸውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ቀስ በቀስ አንዱ የአንዱን ማየት ጀመረ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ባለ ጃንጥላውን ሚስቱ እጁን ይዛ ፎቶው ሥር አቆመችው። ጆስሊን ጉትቻዋን እያንቃጨለች ለቴጋን ጠቀሰቻት።

ባልዲው ፊት ግን ሰዉ ይህ ማነው እያለ ቆሞ ነበር። በጎልማሳነቱ በየትርዒቱ የኮርማ ዳኛ የነበረ አንድ ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ ጠጋ አለ። ባልዲውን አላየም። ዝቅ ብሎ ጉልበቱን ነው ያየው።

«የግራው ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል» አለ። «ተረከዙን ወደ ውጭ ይጥላል። ይኼማ ሜርቭ ስታንፎርድ ነው።»

«አባቱም እንደዚሁ ነበር የሚረግጠው» አለ ሌላው።

«ከዘሩ ነው» አለ ሦስተኛው።

ቴጋን አሁን ገባት። ዕድሜ ልካቸውን እግር ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው! እሷም ስንት ዓመት ሙሉ እግር በጭድ ስትቀብርላቸው ኖራ የገዛ ፎቶዋ ላይ ፊቱ ተሸፈነ ብላ ተማመነች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይህን እያሰበች ሳለ ሜርቭና ኖሊን በበሩ ገቡ።

ሰዉ መንገድ ከፈተላቸው። ሜርቭ ባርኔጣውን አውልቆ ባልዲው ፊት ቆመ። እንደ ኮርማ ነው የመረመረው፤ ከጀርባ ጀምሮ፣ በጎን አልፎ፣ ወደ እግር ወረደ። አንድ ሰው ሳሉን ዋጠ። በመጨረሻ ሜርቭ አፉን ከፈተ።

«ጭዱ የታለ?»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ዳኛ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ኖሊን ግን አልሳቀችም፤ ባሏን፣ ፎቶውን፣ ደግሞ ባሏን እያየች ነበር። በፎቶ ቀን ወደ ግቢው እንዳትወጣ፣ ኮርማው እንዳይረበሽ እየተባለች ዘመኗን ኬክ ስትጋግር ኖራለች።

«ሜርቪን» አለች፣ ድምፅዋ መጋዘኑን ሞልቶ። «በሠርጋችን ቀን ደንስ ብልህ ጉልበቴን ያመኛል አልከኝ። ለኮርማ ግን ትዘላለህ?»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ቴጋንም ተነፈሰች፤ አለፈ ብላ ሳቀች። ግን ሜርቭ ሻይ አልጠጣም፣ እሷንም ቀና ብሎ አላያትም። ሲወጣ በሩ ጋ ጀርባውን እንደሰጣት «ሊቀመንበር ነገ ጠዋት ይታጠባል» አለና ሄደ። ይኼ ሥራ ይሁን ስንብት አልገባትም።

በማግሥቱ ስትደርስ ኮርማው ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ቆሟል። ጭዱ ተነጥፏል፤ ሜርቭ ራሱ ነው ያነጠፈው፣ በደንብም አላነጠፈውም። ቴጋን አላረመችውም።

«ደህና አደርክ፣ ሜርቭ።»

«ደህና።»

ካሜራዋን ተከለች።

«የትናንቱ ነገር...»

«ከተሰቀሉት ውስጥ ስንቱን ጠይቀሻል?» አላት።

«ሁሉንም» አለች፤ ከዚያም ቀስ ብላ፦ «ካንተ በቀር።»

«ከኔ በቀር።» ቃሉን አንሥቶ የሚያየው ይመስል ነበር። «ብትጠይቂኝ ምን የምል ይመስልሻል?»

«እምቢ።»

«እምቢ ነበር የምለው» አለ ሜርቭ። «ሰንበት ብዬም እምቢ እላለሁ። ከዚያ ኖሊን ትሰማለች። ከዚያ እሺ እላለሁ። እምቢታዬ ግን የኔ ነበር፣ ቴጋን። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።»

ቴጋን ቢጮኽባት ትመርጥ ነበር። አፈረች፣ ልቧ ድረስ አፈረች። ይህ ሰው «ይቺ ልጅ ታውቃለች» ብሎ በየበሩ ሲቆምላት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እንደነበር ትዝ አላት።

«ይቅርታ። አሁኑኑ ሄጄ አወርደዋለሁ።»

«እንዳትነኪው! ካወረድሽውማ ሜርቭ አኩርፏል ሊባል ነው።» ባልዲውን ከመሬት አነሣ። «ሌላ ጊዜ ጠይቂ። አፍ ተሰጥቶሻል። በይ፣ ኮርማው እየደረቀ ነው።»

ያኔ የማድ ቤቱ በር ተከፈተና ኖሊን የሸራ ወንበሯን ተሸክማ፣ ሻይዋን ይዛ ወጣች። ወንበሯን አጥሩ ሥር ዘርግታ ተቀመጠች።

«ኖሊን፣ ወደ ቤት ግቢ እንጂ። ኮርማው ይረበሻል።»

«ይረበሽ! ደግሞስ እንዲረበሽ አይደለም እንዴ የምትዘልለት? ይልቅ ቀጥል፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ።»

ሜርቭ ሚስቱን አየ፣ ቴጋን አንገት ላይ የተንጠለጠለችውን አሮጌ ካሜራ አየ። ከዚያ ባልዲውን ከመድፋቱ በፊት ከረባቱን አስተካከለ።

ቴጋን ይህን አየች። ጉዳዩ ተበላሽቷል። ከእንግዲህ ማንም ከካሜራው ጀርባ ብቻውን አይደለም። ባለ መጥረጊያው አዲስ ባርኔጣ ሊገዛ እንደሆነ ትናንት ሲያወራ ሰምታለች። ከአሁን ወዲያ ሁሉም የሚዘሉት ለኮርማው ሳይሆን ለእሷ ነው፣ ኮርማ ደግሞ ይህን ያውቃል። ሜርቭ በባልዲው ውስጥ ሆኖ ማንኪያውን ሲያሰማ፣ ቀጥ ብሎ፣ በክብር፣ ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ነበር የሚዘለው። ሊቀመንበር ጆሮውን ጥሎ ያመነዥክ ነበር።

ከአጥሩ ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ቴጋን ዞር አለች። ኖሊን እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ሻይዋ ጭኗ ላይ እየፈሰሰ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ ትስቅ ነበር። ባሏን እያየች ነው፤ የሚያያት አለ ብላ አላሰበችም። በዚያ ፊት ላይ ያ ያልተደነሰበት ሠርግ ነበር፣ ስንት ዓመት ማድ ቤት ሆና ያመለጣት ነበር፣ ፍቅሩም ሁሉ። ቴጋን በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፎቶ ገጥሟት አያውቅም። እጇ ራሱ ወደ አሮጌዋ ካሜራ ሄደ፣ ጣቷ ደረሰ።

ቆመች።

«ኖሊን!» ብላ ጮኸች። «ላንሣሽ?»

ኖሊን ደነገጠች። እጇን ከአፏ አወረደች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ፀጉሯን በመዳፏ ጠፈጠፈች፣ ጉልበቷን ገጥማ ለፓስፖርት እንደሚነሣ ሰው ተቀመጠች። «አንሺኝ እንጂ፣ ምን ችግር አለ!» አለች። ያ ፊት ግን ሄዷል። ቴጋን ለወጉ ተጫነች።

የማንኪያው ድምፅ ቆመ። ሜርቭ ባልዲውን ከፍ አድርጎ ከሥሩ እያያት ነበር። ከፊቱ ሊቀመንበር ጆሮዎቹን ቀስ እያደረገ ሲያወርድ ይታያል፤ የቴጋን ጩኸት አስገርሞት ኖሯል።

«ጆሮው ተነሥቶ ነበር» አለ ሜርቭ። «የት ነበርሽ?»

«ስጠይቅ ነበር» አለችው ቴጋን።

ሜርቭ ቀጥ ብላ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ፣ ጆሮውን የጣለውን ኮርማ አየ፣ በሁለት ካሜራ መሐል ባዶ እጇን የቆመችውን ሴት አየ። ከረባቱ ዞሮ ትከሻው ላይ ወጥቶ ነበር። ሳያስተካክለው ባልዲውን መልሶ ራሱ ላይ ደፋ።